ጨርቁን ከመጣሉ በፊት

በደቡብ ጎንደር፣ በፋርጣም ሆነ በጋይንት፣ አንድ ሰው «አበደ» የሚባለው ጨርቁን ሲጥል፣ ድንጋይ ሲያነሳ፣ ገበያ መሀል ቆሞ ብቻውን ሲለፈልፍ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ሌላ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ሰነፈ፣ ኮራ፣ ሰው ጠላ፣ ዐይን በላው፣ ትምህርት በዛበት ይባላል። ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ በሚሉት ሕመም ግን ያ «ከዚያ በፊት» ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ሕመሙ ሕክምና ሳያገኝ በቆየ መጠን ደግሞ ማገገሙ እየከበደ እንደሚሄድ በብዙ አገር ታይቷል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው፤ ቤተሰቡም፣ ጠበሉም፣ ሐኪም ቤቱም ይህን ሕመም የሚያውቁት ሲጮህ ነው። ቤት የሚያፈርሰው ግን ዝም ያለው ወገኑ ነው።

ነገሩን ለማየት ከጉና ሥር ካለ ቀበሌ አንድ የ21 ዓመት ወጣት እናስብ። በእውን የሌለ ሰው ነው፤ የሚደርስበት ግን ባለሙያዎች በየካርዱ ላይ የሚጽፉት ነው። ገብስ ሊዘራ በሬ ጠምዶ ወጥቷል። ሁለት ትልም ካወጣ በኋላ ዕርፉን እንደጨበጠ ቆሞ ቀረ። በሬዎቹ ጭራቸውን እያወናጨፉ ቆሙ፣ እሱም ቆመ። አባቱ ከማዶ መጥተው «ምን ሆንህ?» ቢሉት «ምንም» አለ። እውነቱን ነው፤ አላመመውም፣ አልተቆጣም፣ አልደከመውም። ለመቀጠል የሚገፋው ነገር ብቻ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት አይሄድም፤ ማኅበር ሲኖር ጓዳ ይገባል። የለበሰውን ጋቢ አይለውጥም። ሲያናግሩት በአንድ ቃል ይመልሳል። የእህቱ ልጅ ጉልበቱ ላይ ወጥቶ ሲፈነጥዝ ፊቱ አይፈታም። እናቱ «ተዉት፣ ልቡ ከብዶት ነው» ይላሉ፤ አባቱ «ስንፍና ነው» ይላሉ።

ዓመት አለፈ። አንድ ምሽት ጎረቤት ሲያስል ሳሉ ለእሱ የተላከ ምልክት ሆኖ ተሰማው። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ስለ እሱ ሲነጋገሩ ይሰማ ጀመር፤ «ተነሳ፣ አሁን ተቀመጠ፣ እንጀራውን ሊቆርስ ነው» እየተባባሉ። ዞር ሲል ማንም የለም። እናቱ የሰጡትን ምግብ መተት አለበት ብሎ አልበላም አለ። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ራቁቱን እየጮኸ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ሮጠ፤ ጎረቤት ተጠርቶ ተያዘ። በማግስቱ ቀበሌው በሙሉ «አበደ» አለ።

እናትና ልጅ ሆስፒታል ቢደርሱ የሚሆነው ይህን ይመስላል።

«መቼ ጀመረው እናቴ?»

«ትናንት ወዲያ ሌሊት ነው ዶክተር።» ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ በእኛ አገር ዶክተር ነው፤ ጠያቂዋ ነርስ ናት።

«ከዚያ በፊትስ? ሥራ ይሠራ ነበር?»

«ኧረ ሥራውንስ ከተወ ዓመት አለፈው። እሱ እኮ ስንፍና ነው።»

ነርሷ ሁለተኛውን ጥያቄ ባትጠይቅ ኖሮ የዓመቱ ነገር ካርዱ ላይ አይገባም ነበር።

ሐኪሞች የስኪዞፍሬንያን ምልክቶች ባይኖሩ ይሻል የነበሩ የተጨመሩ ነገሮችና መኖር ሲገባቸው የጎደሉ ነገሮች ብለው ይከፍሏቸዋል። የተጨመሩት ሰው ሳይኖር የሚሰማ ድምፅ፣ ማስረጃ የማይነቀንቀው የሐሰት እምነት፣ መያዣ መጨበጫ የሌለው ንግግር ናቸው። የጎደሉት ተነሳሽነት፣ የፊት ገጽታ፣ ንግግር፣ ከሰው ጋር የመሆን ፍላጎት ናቸው። በሦስተኛ ደረጃ ትኩረትና ማስታወስም ይዳከማሉ፤ ቡና ግዛ ተብሎ የተላከው ልጅ ጨው ይዞ የሚመጣው፣ ወይም ምንም ሳይዝ የሚመለሰው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ቢያንስ አንድ ወር እንዲቆዩ ይጠይቃል፤ አሜሪካኖቹ ሕመሙ በጠቅላላው ስድስት ወር ካልሞላው ስሙን አይሰጡትም። በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ፣ በድምሩ 24 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖር ድርጅቱ ይገምታል።

ጎረቤት ስለሳለ ሰው እንዴት ያብዳል? አንጎል በየቅጽበቱ ከሚያየውና ከሚሰማው ሺህ ነገር ውስጥ «ይህኛው ይመለከትሃል» ብሎ የሚለይበት ሥርዓት አለው፤ ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል የዚያ ሥርዓት አንድ መልእክተኛ ነው። ሺቲጅ ካፑር የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ መልእክተኛ ያለቦታው ሲበዛ ተራው ነገር ሁሉ ትርጉም ያዘለ ሆኖ ይሰማል ብለው አስረድተዋል። ሳል፣ የጅብ ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ሬዲዮ ላይ ያለው ጋዜጠኛ ሁሉም አንድን ሰው ብቻ ያነጋግራሉ። ሰውየው እንዲህ ያለ ስሜት ውስጥ ተቀምጦ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ደግሞ የሚያነሳው ከአካባቢው ነው። የዙሪክ ሰው ስለ ስውር መሣሪያ ያወራል፤ የእስቴው ሰው ስለ መተትና ስለ ድግምት። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ቡዳ አለ ብሎ ማመን በራሱ ሕመም አይደለም፤ መንደሩ በሙሉ የሚጋራው እምነት ነውና። ሕመም የሚሆነው ዘመድ አዝማዱ ራሱ «ይሄስ የእኛ ወግ አይደለም፣ ልጁ ሌላ ነገር ነው የሚለው» ሲል ነው። ሰውን ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚመረምር ወጣት ሐኪም ከመጻሕፍቱ ይልቅ የታማሚውን አያት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ጩኸቱን ዋና፣ ዝምታውን ተከታይ ማድረግ የእኛ ብቻ ስሕተት አይደለም። ለሕመሙ ዛሬ የሚጠራበትን ስም እ.ኤ.አ. በ1908 የሰጠው ስዊዘርላንዳዊው ኦይገን ብሎይለር በ1911 ባወጣው መጽሐፍ የሚሰሙት ድምፆችና የሐሰት እምነቶቹ ተደራቢ እንጂ የሕመሙ ሥር እንዳልሆኑ ጽፎ ነበር። ለእሱ ሥሩ የሐሳብ ክሩ መበጠስ፣ ስሜት መራቁ፣ ሰውየው ወደ ራሱ ውስጥ መግባቱ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ጀርመናዊው ኩርት ሽናይደር ለምርመራ የሚመች ነገር ፈልጎ ድምፆቹንና «ሌላ ሰው ሐሳብ ያስገባብኛል» የመሳሰሉትን ከፊት አሰለፈ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ድምፅ ይሰማሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ፍላጎት ማጣትን ግን ማን ይለካዋል? ሆኖም የሐኪሞች ዐይን ለብዙ ዐሥርታት ጩኸቱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

በኢትዮጵያ ስለዚህ ሕመም የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከቡታጅራ ነው። እነ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና አበባው ፈቃዱ ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች ጠየቀ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 321 ሰዎች ተገኙ። ከነዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የጎደሉት የሚባሉት ምልክቶች ነበሩባቸው፤ ሁለት ሦስተኛው ሕመሙ ያለማቋረጥ እንደሚያሠቃያቸው ተናገሩ። መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። በዚያው አካባቢ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት የአገሩን ሰዎች የአእምሮ ሕመም በምን ይታወቃል ብሎ ሲጠይቅ ከሁሉ በላይ የተጠቀሱት ብዙ ማውራት፣ ጠበኝነትና እንግዳ ጠባይ ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው፤ ሕዝቡ በሽተኛን የሚያውቀው በመለፍለፉ ነው፣ ከበሽተኞቹ አብዛኞቹ ግን ዝም ያሉ ናቸው።

ከ321ዱ 83 በመቶ ያህሉ ወንዶች መሆናቸው ብዙ አነጋግሯል። በሌላው ዓለም የወንድና የሴቱ ቁጥር እንዲህ አይራራቅም። የቡታጅራ ወንዶች በእርግጥ ይበልጥ ይታመሙ ይሆናል። እኔ ግን ወደ ሌላ ሐሳብ አደላለሁ፤ ቢያንስ ስለ ደቡብ ጎንደር ስናገር። ዝም የምትል፣ ዐይኗን የማታነሳ፣ ከጓዳ የማትወጣ ልጅ እኛ ዘንድ ምን ትባላለች? ጨዋ። ወንዱን ማረስ ሲያቅተው አገር ያውቅበታል፤ ልጅቷ ግን ቡናውን ሌላ እህት ታፈላላታለች፣ ዝምታዋም በጨዋነት ተተርጉሞ ያልፋል። ባል ቤት ገብታ ሊጡ ሳይቦካ፣ እሳቱ ሳይነድ ሲቀር «አልባሌ» ተብላ ትመለሳለች። ምርመራ ሳይሆን ፍቺ ነው የሚጠብቃት። የታመመችው ሴት ከቤት ወጥታ መንገድ ላይ ስትቀር ደግሞ የሚደርስባትን ጥቃት ሁሉም ያውቃል፤ የሚከሰው ግን የለም።

በደቡብ ጎንደር የዚህ ሕመም ወሬ ሲነሳ ከጠበሉ ቀጥሎ የሚደርሰው የቆሎ ተማሪ ቤት ነው። ይህ አገር ዙር አባን ለዝማሬ መዋሥዕት፣ ቤተልሔምን ለድጓ ያቆመ የሊቃውንት አገር ነው፤ ከየአቅጣጫው ልጆች ደበሏቸውንና አኩፋዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ጎበዝ የተባለው፣ 18 ወይም 20 ዓመት ሲሞላው ይለወጣል። «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይባላል። አብሾ የሰሙትን እንዳይረሱ ያደርጋል ተብሎ በተማሪ ቤት በምስጢር የሚወራለት መጠጥ ነው፤ ስሙ ዕፀ ፋርስ ወይም አስተናግር ከሚባለው በየአጥሩ ጥግ ከሚበቅል ባለ እሾህ ፍሬ ተክል ጋር ይያያዛል።

ተክሉ መርዝ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት፤ የቀመሰው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ቀንና ሌሊቱን ይስታል። የሌለ ሰው ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ በአየር ላይ የሌለ ክር ይፈትላል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይለቀዋል፤ ሳይገድለው ከቀረ ማለት ነው። ስኪዞፍሬንያ እንዲህ አይደለም። ሰውየው ቀኑንም ቦታውንም ያውቃል፤ የሚያስቸግረው ከሚያየው ይልቅ የሚሰማው ነው፤ በሳምንትም አይለቀውም። እንግዲህ አብሾ የተባለው ልጅ ወሩን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ካልዳነ ጥፋቱን ተክሉ ላይ ብቻ መጣል አይበቃም።

ወሬው ለምን እንደጸና ግን ግልጽ ነው። ይህ ሕመም የሚጀምረው በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 ባለው ዕድሜ ነው፤ በቡታጅራ የወንዶቹ አማካይ 24 ዓመት ገደማ፣ የሴቶቹ 21 ነበር። ያ ዕድሜ ልጅ ከቤት የሚወጣበት ነው። በአባቶቻችን ጊዜ ወደ ቅኔና ወደ ዜማ ቤት፣ ዛሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ መተማ የሰሊጥ አጨዳ፣ ወደ ዓረብ አገር። ሕመሙ በሄዱበት ይደርስባቸዋል፤ ቤተሰቡም ከሄዱበት ነገር ጋር ያያይዘዋል። ትምህርት አሳበደው፤ በረሃ መታው፤ የዓረብ እመቤቷ መርዝ አበላችው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጫትና በተለይም ካናቢስ ያለውን ዝንባሌ ሊያፋጥኑት እንደሚችሉ አይካድም። አንድ ልጅ ድጓ በማጥናቱ ግን አያብድም፤ ቢያብድ ኖሮ ጋይንት ሰው ባልተረፈው።

ወደ ጠበሉ ልምጣ። ጠበልን በአጉል እምነት ስም የሚያጣጥል የከተማ ጸሐፊ ብዙ ነው፤ እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። በአንጻሩ «ጠበል ገብቶ ድኖ መጣ» የሚለው ምስክርነት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ምክንያቱም ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያን የሚያዩት ብቻውን እንደቆመ አንድ በሽታ ሳይሆን እንደ አንድ ቤተሰብ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ከአንድ ወር በታች ቆይቶ ሰውየውን እንደነበረው አድርጎ የሚለቅ አጭር ሕመም አለ፤ ከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ የቀደመው ሊሆን ይችላል። ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር የሚቆይ አለ። ከስሜት መዋዠቅ ጋር የተጣመረ፣ አንዴ በትካዜ አንዴ በፈንጠዝያ የሚታጀብ አለ። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ በአንድ ጉዳይ ብቻ፣ ለምሳሌ ሚስቴ ትሰልልብኛለች በሚል ብቻ፣ ለዓመታት የጸና እምነት የሚይዘው አለ። የሁለት ሱባኤ ጠበል 14 ቀን ነው። የአጭሩ ሕመም ባለቤት በእነዚያ ቀናት በዘመድ ተከቦ፣ ከመጠጥ ርቆ፣ ተስፋ ይዞ ይሰነብትና ድኖ ይመለሳል። ስለ ጠበሉ መንፈሳዊ ጸጋ ፍርድ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም፤ የምለው ግን ያው ልጅ ሐኪም ቤት ገብቶ ቢሆን ኪኒኑ ምስጋናውን ይወስድ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ረጅሙ ሕመም የያዘው ልጅ የአጎቱን ልጅ መዳን አይቶ ከጠበል ጠበል፣ ከዓመት ዓመት ሲዞር ነው። «እምነቱ ስላነሰው ነው» ይባላል። በሕመሙ ላይ ኃጢአት ይጨመርበታል።

ጠበሉ ቦታም ሚዛኑ ጩኸት ነው። መስቀል ሲያርፍበት የጮኸ፣ «እለቃለሁ» ብሎ የለፈለፈ ሰው መንፈሱ ታወቀለት፣ ሥራ ተጀመረ ይባላል። ዝም ያለው ወጣት ግን ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል፤ የሚያስታውሰው ሰው የለም። ሁለቱን መንገድ ማስማማት እንደሚቻል ግን እንጦጦ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደማይጋጭ በይፋ ተናገሩ፤ በኋላም በእንጦጦ ማርያም ጠበል ሥፍራ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂዎች ተባብረው ሕሙማንን ያዩበት ሥራ ተጀምሮ ውጤቱ በ2021 ለንባብ በቅቷል። ጉናን፣ እስቴን፣ እብናትን በዚህ ዐይን ማየት አይከብድም፤ አጥማቂው «ኪኒንህን ውጠህ ና» ያለ ቀን ግማሹ መንገድ አልቋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰውየውን ግንባር መንካት ያስፈልጋል። ከፎገራና ከሊቦ ከምከም ሜዳ የመጣ፣ ትናንት ደህና የነበረ፣ ዛሬ የሚቀባጥር ሰው ትኩሳት ካለው ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የሚጥል በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ የአራስ ቤት ሕመምም ተመሳሳይ መልክ አላቸው። በትኩሳት የሚቃዥ ሰው ጠበል ሥር ታስሮ መሞቱ ከሁሉም የሚያስቆጭ ሞት ነው።

ሕክምናው ምን ይሰጣል? እ.ኤ.አ. በ1952 በፈረንሳይ ሥራ ላይ የዋለው ክሎርፕሮማዚን የዶፓሚንን መንገድ በመዝጋት ድምፆቹን ዝም እንደሚያሰኝ ታወቀ። እኛ አገር ዛሬም ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል፣ ሲገኝም ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን፣ ኪኒን መዋጥ ለማይሆንላቸው ደግሞ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ሞዲኬት ናቸው የሚሠራባቸው። መድኃኒቶቹ ለጩኸቱ ጥሩ ናቸው። ለዝምታው ግን የሚያደርጉት ጥቂት ነው። አንዳንዶቹ መንጋጋ ያጠነክራሉ፣ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ያደነዝዛሉ፤ ያኔ ቤተሰቡ «መርፌው አፈዘዘው» ብሎ ያቋርጣል። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ መጠኑ ሊቀነስ ይገባል። አንዳንዴ ግን ያ መፍዘዝ ከመርፌው ዓመት ቀድሞ የነበረ ነው፤ ጩኸቱ ሲወርድለት ገና አሁን ታየ። ይህን ልዩነት ለእናቲቱ በሦስት ደቂቃ ማስረዳት አይቻልም። ነርሷ ያላት ግን ሦስት ደቂቃ ነው።

በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባው አማኑኤል ለዐሥርታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና በ1980ዎቹ አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቶሮንቶ መምህራን እገዛ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ሁሉ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ጋር ተባብሮ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በማስተርስ ሲያስመርቅ ቆይቷል፤ ከነዚህ ልጆች የተወሰኑት ዛሬ በክልሉ ሆስፒታሎች አሉ። የደብረ ታቦር ሰው አባቶቹ እንዳደረጉት ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለበትም። ለታች ጋይንቱ ወይም ለስማዳው ሰው ግን ደብረ ታቦርም ሩቅ ናት፤ በሕመም ላይ ላለ፣ ሁሉ ሰው ሊገድለው የተነሳ ለሚመስለው ልጅ የሕዝብ መኪና ውስጥ ግማሽ ቀን መቀመጥ ምን እንደሆነ መገመት ነው።

ታማሚን በሰንሰለት ማሰር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተጠኑ ቤተሰቦች ለምን ታስራላችሁ ሲባሉ የተናገሩት የሚጠበቅ ነው፤ ገደል እንዳይገባ፣ ጎረቤት እንዳይመታ፣ ሐኪም ቤት ለማድረስ። ብዙ ሰው ይህ ሕመም ያለበት ሁሉ አደገኛ ይመስለዋል፤ እውነታው ግን አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም፣ እንዲያውም የሚመቱትና የሚዘረፉት እነሱ ናቸው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሏቸው 121ዱ ሞቱ፤ ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው። ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ቀድመው ነው የሄዱት። ሲያስላቸው «የእብድ ሳል» ተብሎ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው አልነበረም ማለት ነው። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ለእንዲህ ያለው ሰው ሳምባ ምርመራ አይቸኩልም።

ቤተሰቡ የሚደብቅበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ዘር። ጋብቻ ሲታሰብ አጥንት የሚቆጠርበት አገር ነው፤ «እብድ አለባቸው» የተባለ ቤት ሴት ልጁን ማን ይጠይቃል? ሕመሙ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ እንዳለው መካድ አያስፈልግም። ሆኖም ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ከታመመ ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ10 አንድ ገደማ ነው፤ ዘጠኙ አይነካቸውም። ከአንድ ዕንቁላል የተፈጠሩ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው በግማሽ ያህሉ ጊዜ ደህና ሆኖ ይኖራል።

መፍትሔው በእኛው አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት ሳይካትሪ ላይ የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት 329 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ግማሹ በአእምሮ ነርስ፣ ግማሹ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች እንዲታይ አደረገ። ከዓመት በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ውጤት ከነርሶቹ አላነሰም። በዚያው ዓመት የታተመ፣ በሶዶ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይማርከኛል፤ ዝምታውን ዒላማ ያደረገ ነበርና። 166 ሕሙማንን ይዞ፣ ለከፊሉ ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሠልጣኞች ቤት ለቤት እየሄዱ እንዲደግፏቸው አደረገ። ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራሉ፤ ከዕድሩና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይነጋገራሉ፤ ሰውየውን ወደ ትንሽ ትንሽ ሥራ ይመልሱታል። ከዓመት በኋላ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውንና ኑሯቸውን በመምራት መድኃኒት ብቻ ካገኙት ተሻሉ። ዕርፉን ጨብጦ የቀረው ልጅ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ «ዛሬ አንድ ትልም ብቻ» ብሎ አብሮት የሚቆም።

ደቡብ ጎንደር ላይ ይህን መጀመር አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ስለ ክትባቱና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ከጠየቀች በኋላ አንድ ጥያቄ ብትጨምር ይበቃል፤ «በዚህ ዓመት ሥራ የተወ፣ ከሰው የሸሸ ወጣት ወይም ሙሽራ አለ?» ትላለች። «እብድ አለ?» ብላ ከጠየቀች ማንም አይነግራትም፤ ሥራ ስለተወው ልጅ ግን አባትየው ሳይጠየቅም ያማርራል።

ጥያቄው የሚጠቅመው ግን ከኋላው መድኃኒት ካለ ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በሚካሄደው ግጭት መንገድ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ለጉንፋን የተሰጠ መድኃኒት ሳምንት ቢዘገይ ጉንፋኑ በራሱ ያልፋል። ሞዲኬት ሁለት ወር ሲዘገይ ድምፆቹ ይመለሳሉ፤ ልጁም ይህን ጊዜ ሐኪም ቤት ሳይሆን ገመድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዞኑ ጤና መምሪያ ክረምት ሳይገባ ለወረዳዎቹ የወባ መድኃኒት ሲያከፋፍል በዚያው መኪና የሦስት ወር ሞዲኬትና ሃሎፔሪዶል አብሮ ቢጭን፣ የማጓጓዣው ወጪ ብዙም አይጨምርም።